ሲሰካ የሚጨልመው ላፕቶፕ

ላፕቶፑን ወንድሜ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ነበር ያመጣልኝ። የልጁ ነው። ልጁ ባሕር ዳር ሊማር ሄዶ ዓመቱን ሙሉ ጌም ሲጫወት ከርሞ ከትምህርቱ ወጣ፤ አባትየው ደግሞ ዕቃውን ቀማና ንፋስ መውጫ ድረስ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ለጌም የተሠራ ስለሆነ እንደ ሌላው ላፕቶፕ አይደለም። ከባድ ነው። ሲበራ ከፊደሎቹ ሥር ቀይ ብርሃን ይወጣል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል።

«እቴ፣ አንቺ ታይፒስት አይደለሽ?» አለኝ። «ይህ የሰይጣን ዕቃ ለአንድ በጎ ሥራ ይዋል።»

ከላፕቶፑ ጋር አንድ ደብተር አወጣ። የአባታችንን ታሪክ ጽፎበታል። አባታችን ካረፉ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ነበርና የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ለመታሰቢያው ቀን አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ትታተም ብለው ተነሥተዋል። እኔ በላፕቶፑ እጽፈዋለሁ፤ እሱ በሳምንቱ ቅዳሜ መጥቶ በፍላሽ ይወስድና ደብረ ታቦር ለማተሚያ ቤት ይሰጣል። ካልደረሰ ደግሞ ደብተሩን ራሱን ይወስዳል፤ እዚያው ጽፈው ያትሙታል። ጉዳዩ ይህ ነበር።

ወንድሜ መሪጌታ ነው። የድጓ ምስክር ቤት ከሆነችው ቤተ ልሔም ገብቶ የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ያስመሰከረ፣ ሰው ፊት አንቱ የምለው፣ ቤት ውስጥ ግን አንተ የምለው ታላቄ ነው። «ቁጭ በል፣ ሻይ ላፍላልህ» ብለው መኪና ያመልጠኛል አለ። እኔ ቤት ሲመጣ ሁልጊዜ መኪና ያመልጠዋል።

ደብተሩን የዚያኑ ዕለት አነበብሁት። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። የአባቴ አነሣሥ፣ የተማሩበት አገር፣ ወንበር የተከሉበት ዘመን፣ ሁሉም ተራውን ይዞ ይሄዳል። ወደ መጨረሻው ስደርስ ግን አንድ መስመር ላይ ቆምሁ። «መምህራችን ዓይናቸውን በታመሙ ጊዜ የተማሪዎችን ድጓ በልጃቸው በመሪጌታ እየታገዙ ያርሙ ነበር» ይላል።

ውሸት ነው።

አባቴ ከአርብ ገበያ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግር በሚያስኬድ ደብር የድጓ መምህር ነበሩ። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ከቃሉ በላይ ደቃቅ የዜማ ምልክቶች አሉበት፤ መምህሩ ተመልክተው ካላረሙለት በዚያ መጽሐፍ የሚያምን የለም። በሰማንያዎቹ መጨረሻ የአባቴን ዓይን ሞራ ጋረደው። ዜማው በልባቸው ሙሉ ነው፤ ብራናው ግን አይታያቸውም። ወንድሜ ያን ጊዜ ቅኔ ፍለጋ ጎጃም ነበር። አለመኖሩ ኃጢአት አይደለም። ነበርሁ ማለቱ ግን ነው።

እኔ ያኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። ቅዳሜ ማለዳ በጭነት መኪና አርብ ገበያ ወርጄ የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ። ፊደሉንም ምልክቱንም አውቀዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ልጅ ሳለሁ ከጎጆው ጥግ ተቀምጬ ጥጥ ስፈትል ተማሪዎቹ የዕለቱን ዜማ እየደጋገሙ ይቀጽላሉ፤ ለሴት ልጅ መማር ባይፈቀድላትም መስማትን የከለከላት የለም። ወንድሜ ዓመት የፈጀበትን የጾሙን ዜማ፣ ጾመ ድጓን፣ እኔ እንዝርት ሳላስቀምጥ ያዝሁት። ይህን ሲሰማ ደስ አይለውም። ስለዚህ ጻፍሁት።

አንድ ቅዳሜ አባቴ በሩን አስዘጉኝ። «ነይ፣ ይህን የልጁን ድጓ አንብቢልኝ» አሉኝ። ጀመርሁ። በሩጫ ወረድሁት።

«ቀስ! ቀስ በይ እንጂ! ምን ያሳድድሻል?»

እንደዚህ ሦስት ዓመት ሄድን። እኔ ቃሉንና ምልክቱን እጠራለሁ፤ እሳቸው በለሆሳስ ያዜሙታል፤ የተሳሳተው ላይ ጣታቸውን ያነሣሉ፤ እኔ ዳር ላይ በእርሳስ ነጥብ አኖራለሁ። ቤቱ ጨለማ ነው፤ የምትታየኝ ከትንሿ መስኮት ገብታ ጉልበቴ ላይ የምታርፍ ብርሃን ብቻ ናት። ብርሃኗ ስትዞር እኔም በርጩማዬን ይዤ እዞራለሁ። ወደ ማታ ግድግዳው ላይ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ «በቃሽ፣ ዓይንሽን ለእኔ አትክፈይ» ይሉኛል። ብራናው የፍየል ጠረን ነበረው፤ እጄ ላይ ተጣብቆ ሰኞ ቢሮ ድረስ ይከተለኛል። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ቅዳሜ አላየሁም። ሰው ስለ ወጣትነቱ ሲያወራ ሠርግና ዘፈን ያነሣል፤ የእኔ ይኼ ነበር።

«ለሰው እንዳትናገሪ» አሉኝ። አልተናገርሁም። ባልም አግብቼ፣ ባልም ቀብሬ አልተናገርሁም።

በመጨረሻ ንፋስ መውጫ አምጥቼ ሳስታምማቸው ታሪካቸውን በሦስት ካሴት ቀዳሁ። ሁለተኛው ካሴት ላይ፣ ሳልጠይቃቸው፣ እንዲህ አሉ፦ «ዓይኔን ከያዘኝ ወዲያ የተማሪዎቼን ድጓ ያረምሁት በልጄ ዓይን ነው። በዚችው በሴቷ። እኔ ሳልፍ ይወቁት።» ወንድሜ ደብተሩን የጻፈው እነዚያኑ ካሴቶች ከእኔ ተውሶ ሰምቶ ነው። አልሰማሁም ሊል አይችልም። እናም ደብተሩን ዘግቼ ከካሴቱ ከራሱ ልጽፍ ወሰንሁ። እስከ ቅዳሜ ካላደረስሁ የሚታተመው የእሱ ነው፤ አንዴ ከታተመ ደግሞ አባቴ ያሉት ያ ይሆናል።

ላፕቶፑ እንቢ ያለኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ በባትሪ ስጽፍበት ደኅና ነበር። የጌም ዕቃ ባትሪ ይበላል፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ሊጠፋ ነው አለኝ። ቤቴ ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ነው፤ እሱም ባለ ሁለት መሰኪያ፣ ከቡፌው አጠገብ፣ ቴፑ ባለበት። የቻርጀሩ ገመድ ጠረጴዛው ድረስ አይደርስም። ቴፔ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ነበሩት፤ የግራው ድምፅ ካቆመ ቆይቷል፤ ልጥለው አልወደድሁምና በፊቱ ደፍቼ፣ ዳንቴል አልብሼ፣ እንደ ትንሽ ጠረጴዛ እጠቀምበታለሁ። ላፕቶፑን እዚያ ላይ አስቀምጬ ሰካሁ። ስክሪኑ ድርግም አለ።

ጠፋ ብዬ ነበር። አልጠፋም። ፊደሎቹ ቀይ ናቸው፤ ማራገቢያው ያጓራል፤ ስክሪኑ ብቻ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ነቅዬ ወደ ጠረጴዛው ወሰድሁት፤ በራ። መልሼ ሰካሁት፤ ጨለመ። እንግዲህ ሦስት ሰዓት በጨለማ ባትሪ እሞላለሁ፣ ከአንድ ሰዓት ብዙ ለማያልፍ ጊዜ እጽፋለሁ። በመሐል መብራት ይሄዳል። ማክሰኞ ዕለት ባትሪው ሊያልቅ ሲል ተጣድፌ ሰካሁት፤ ሲጨልምብኝ ተናድጄ ማጥፊያውን ተጫንሁ፤ አምስት ገጽ ጠፋ። ተቀምጬ አላለቀስሁም፤ ቆሜ ተሳደብሁ።

ከመናኸሪያው አጠገብ ሞባይልና ራዲዮ የሚጠግን ሰው አለ፤ ጠጉሩ የሸበተ፣ ቀልድ የሚወድ። ላፕቶፑን በአንሶላ አዝዬ ወሰድሁለት። ሰካው። ብሩህ ሆነ።

«ይኸው እትዬ፣ ምን ሆነ ይሉታል?»

«ቤቴ ሲሆን ይጨልማል።»

«እንግዲያው ቤትዎን ያምጡልኝ።»

እንዳልሳቅሁለት ሲያይ ሥራውን ያዘ። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ሲሰካ ለጌም የተሰጠውን ጉልበተኛውን ካርድ ይቀሰቅሳል፣ አንዳንዴ ጥፋቱ ከዚያ ይመጣል ብሎ ካርዱን ዘጋው። ሲሰካ ብርሃኑ ወደ ዜሮ ተደርጎ እንደሆነም አየ፤ አልተደረገም። በሌላ ቻርጀር ሞከረው። ነቀለው፣ ሰካው፣ ገመዱን አወዛወዘው። ስክሪኑ ፍንክች አላለም። ወደ ቤቴ ተመልሼ ዳንቴሉ ላይ አስቀምጬ ሰካሁ። ጨለመ።

«የእርስዎ ሰፈር መብራት ጉልበት የለውም» አለኝ በስልክ።

ወንድሜም ደወለ።

«አላልሁሽም? የጨዋታ ዕቃ ነው። አባታችን ታሪካቸው በዚህ ነገር መጻፉን አልወደዱትም።»

«አባባ የሚወዱትንና የማይወዱትን ከአንተ ልማር?»

«ጸበል ብጤ እርጪበት እንግዲህ።»

«ኤሌክትሪክ ላይ ጸበል ልርጭ? ከአባባ ጎን ልትቀብረኝ ነው?»

ሳቀ። ከዚያ ድምፁን አለዘበ፤ ድምፁን ሲያለዝብ እፈራዋለሁ። «እቴ፣ አትድከሚ። ደብተሩ አለ አይደል? ደብተሩን እወስደዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁት። የሠላሳ ዓመት ታይፒስት ነኝ። ታይፕራይተር ሲያስቸግረኝ ጠጋኝ ከደብረ ታቦር እስኪመጣ አልጠብቅም ነበር። ሪባኑን ለብቻ፣ ጥቅልሉን ለብቻ፣ ፊደሉን ለብቻ እያየሁ፣ አንዱን ለውጬ ሌላውን ሳልነካ ጥፋቱን አገኘው ነበር። ይህንንስ ለምን እንደዚያ አላደርገውም?

ሐሙስ ጠዋት ላፕቶፑን ይዤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ቤት ገባሁ። የሁለታችን መብራት ከአንድ ምሰሶ ነው የሚወርደው። ከሲንገሯ አጠገብ ሰካሁት። አልጨለመም። በቁርጥራጭ ጨርቅ መሐል ግማሽ ገጽ ጻፍሁ።

«ቤትሽ ዓይን ገብቶበታል፣ የኔ እመቤት» አለችኝ።

«ዓይንስ ከእኔ ቤት ምን ሊያይ ይገባል?»

መብራቱ አይደለም፤ ዕቃው አይደለም፤ ቤቱ ነው። ከቤቱም ያ ጥግ ነው። ተመለስሁና ሰካሁት፤ ግን የትም ሳላስቀምጠው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጭኔ ላይ ያዝሁት። በርቷል! ተነሥቼ ዳንቴሉ ላይ አስቀመጥሁት። ጨለመ። ብድግ አደረግሁት፤ በራ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁልጊዜ የምነቅለውና ከቦታው የማነሣው በአንድ ጊዜ ስለነበር ከሁለቱ የትኛው እንዳበራው አላስተዋልሁም። አሁን ገመዱን ነቅዬ ዳንቴሉ ላይ አስቀመጥሁት፤ ሳይሰካም ጨለመ። ለካ መሰካቱ አልነበረም። ዳንቴሉን ገፍፌ ሞከርሁ፤ ያው ነው። ከቀሚሴ መርፌ ቁልፍ አውጥቼ ስፒከሩ ጀርባ ላይ ጣል ባደርጋት ቀጥ ብላ ቆመች።

ለጠጋኙ ደውዬ ነገርሁት። ግንባሩን ሲመታ በስልክ ተሰማኝ።

«ማግኔት! እትዬ፣ ማግኔት እኮ ነው! ላፕቶፕ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው ክዳኑ ውስጥ ባለች ማግኔት ነው። ስፒከሩ ላይ ሲያስቀምጡት ክዳኑን የዘጉበት መስሎት ስክሪኑን ያጠፋል።»

«ተዘግቻለሁ ካለ ለምን አይተኛም? ማራገቢያው ያጓራ የለም?»

«የወንድምዎ ልጅ ሲዘጋም እንዳይተኛ አድርጎ አስተካክሎት ይሆናል። ጌሙን እያወረደ አባቱ ሲመጣ ክዳኑን ለመዝጋት!»

በዚህ ጊዜ ሳቅሁ። ልጁን ወደድሁት። አባቱን ያታለለ ሰው አያስጠላኝም።

የተበላሸ ስፒከር አልጥልም ብዬ አራት ቀኔን በላሁ። ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ ብቻ ቀሩኝ። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ፣ ራሴን ምንጣፍ ላይ አድርጌ፣ ካሴቱን ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ትንሽ እሰማለሁ፣ አቆማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ወደ ኋላ እመልሳለሁ። በቀኙ ስፒከር ብቻ የሚመጣው የአባቴ ድምፅ ቀጭን ነው። ከኋላቸው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የትኛው ክረምት እንደነበር ትዝ አይለኝም። ሳል ይይዛቸዋል። «ውኃ» ይላሉ። «እሺ አባባ» የሚል የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ማን ናት ብዬ ቆየሁ። እኔ ነኝ። እንደዚያ ያለ ለስላሳ ድምፅ እንደነበረኝ ማንም አልነገረኝም።

የእኔዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ሦስት ጊዜ መለስኋት። አንድም ቃል አልጨመርሁም፣ አንድም አላስቀረሁም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጨረስሁ።

ቅዳሜ ወንድሜ መጣ። ፍላሹን ከማንሣቱ በፊት ነገርሁት፤ እንደ እሱ ሸሽጌ አላደርግም።

«ደብተርህን አይደለም የጻፍሁት። ካሴቱን ነው።»

ነጠላውን አስተካክሎ ተቀመጠ። በዚያን ቀን መኪና አላመለጠውም።

«ያቺን ነገር?»

«ያቺን ነገር።»

«እቴ፣ አስቢ እስቲ። እነዚያ ልጆች ዛሬ መምህራን ናቸው። ከስማዳ እስከ እስቴ ወንበር ዘርግተዋል። ድጓችሁን ሴት አረመችው ይባሉ? ማፈሪያ ልታደርጊያቸው ነው?»

«ያረሙት አባባ ናቸው። እኔ ዓይን ነበርሁ። አንተ ግን ዓይንም አልነበርህም፤ ጎጃም ነበርህ።»

«ስሜን ለክብር አይደለም ያስገባሁት። ክፍተቱን ልሸፍን ብዬ ነው።»

«ክፍተቱ እኔ ነኝ፤ ማን ሸፍነኝ አለህ?»

ካሴቱን ከፈትሁለት። ቀድሞ ሰምቶታል፤ ግን ለብቻው ነበር። ከእኔ ጋር ሆኖ ሲሰማው አቀርቅሮ ምንጣፉን አየ። ሲያልቅ ተነሣ፣ ፍላሹን ከመቀነቱ ውስጥ አሰረ። ምን እንደሚያደርግ አልነገረኝም። ማተሚያ ቤት ደርሶ ያቺን መስመር ብቻ አውጡልኝ ቢላቸው የማስቆምበት መንገድ አልነበረኝም። ሁለት ሳምንት በዚህ ሐሳብ ውስጥ ኖርሁ፤ አልደወልሁለትም።

የመታሰቢያው ቀን በአባቴ ደብር ዳስ ተጣለ። ከጸሎቱና ከምግቡ በኋላ ከተማሪዎቹ አንዱ መጽሐፊቱን ከፍቶ ማንበብ ጀመረ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከዳር ተቀምጫለሁ። ወንድሜ ፊት ለፊት ነው፤ አያየኝም። ንባቡ ወደዚያ ሲቃረብ ጆሮዬ ጮኸብኝ። «ዓይኔን ከያዘኝ ወዲያ» አለ አንባቢው፤ ቀጠለ፤ «በልጄ ዓይን ነው፤ በዚችው በሴቷ» ብሎ ቆመ። ወደ ወንድሜ ተመለከተ። ወንድሜ በመቋሚያው ቀጥል የሚል ምልክት ሰጠው። ለምን እንደተወው እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትም። ለዚህ ብቻ ከቂሜ አንድ ነገር ቀንሼለታለሁ፤ የቀረው ይቆየኛል።

ከእስቴ የመጡ አንድ ሸበቶ መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እናውቅ ነበር እኮ» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ሲዘጋ ከጎጆው ኋላ ቆመን እንሰማ ነበር። የኔታ ‹ቀስ በይ› ብለው ሲቆጧት አፋችንን በነጠላ ይዘን እንስቅ ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሰዉ ሲበተን መምህሩን ሄጄ ፊት ለፊት ቆምሁባቸው።

«ካወቃችሁ ታዲያ፣ ይህን ያህል ዘመን አንድ ቀን ደጄን ረግጦ እግዜር ይስጥሽ ያለኝ ማን ነው?»

«እኅታችን፣ የኔታ እንዳያፍሩ ብለን ነው። ደግሞም እርስዎን እንፈራ ነበር። ሰላም ስንልዎት እንኳ ፊትዎን ያዞሩብን ነበር።»

ማዞሬስ እውነት ነው። ቢሆንም ዝም አላልሁም።

«የእርስዎን ድጓ አልረሳሁትም። ብራናው ቀጭን ነበር። አስተምሕሮ የሚባለው ክፍል ላይ ሁለት ቦታ መስመር ዘለው ነበር።»

«ሦስት ነበር» አሉ ፈገግ ብለው። «ሁለቱን አገኙልኝ። ሦስተኛውን ቤተ ልሔም ስገባ ራሴ አገኘሁት።»

«አይሆንም።»

«ይሆናል።»

«እስቲ የትኛው ነው?»

ትከሻቸው ላይ ካንጠለጠሉት ማኅደር መጽሐፉን አወጡ። ያው ነው፤ ጠርዙ ጠቁሯል፤ የእርሳስ ነጥቦቼ እንዳሉ ናቸው። ገጹን ገልጠው ጣታቸውን አኖሩበት። ካህናቱ ከበቡን፤ ወንድሜም ከኋላቸው መጥቶ ቆመ። መጽሐፉን ተቀበልኋቸውና፣ ሁሉም እየሰማ፣ ከላይኛው መስመር ጀምሬ አነበብሁት።